ቁራሌው የማይወስደው

ስለ ልጣጭና ስለ አሮጌ ቆርቆሮ ለመስማት የእረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁኛልና ውለታ አለብኝ፤ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

«ቁራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረውን ልጅ የማያውቅ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላስብም። ጆንያውን በትከሻው ጣል አድርጎ የተበሳ ድስት፣ ያረጀ ጫማ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበር ይገዛል። ይከራከራል፣ ይተዋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ በመጨረሻ ይወስዳል። የወሰደው ዕቃ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወደሆነው ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶ፣ ተቆርጦ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል፤ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል። አዲስ አበባ ብረትና ላስቲክ መልሶ መጠቀምን በፕሮጀክት አልተማረችም፤ ችግርና ብልሃት አስተምረዋታል። ቁራሌው ግን የማይገዛው ነገር አለ። የድንች ልጣጭ ስጡት፣ የጎመን እንጨት ስጡት፣ ከሦስት ዙር በኋላ በጀበናው ውስጥ የቀረውን የቡና አተላ ስጡት፤ ስቆባችሁ ያልፋል።

ከተማችን ከምትጥለው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ታዲያ ይኸው እሱ የማይገዛው ነው። ልጣጭ፣ የተበላሸ ቲማቲም፣ የደረቀ ቀጤማ፣ የጫት ገረባ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የአጥር ቁራጭ። ይህ ሁሉ በጆንያና በፌስታል ታጭቆ በቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ በመኪና ከከተማው ዳር ወዳለው ክምር ይሄዳል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የሄደበት ቦታ ረጲ ነው፤ ቆሼ የምንለው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የዚያ ክምር አንድ ወገን ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲቀብር ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በማግስቱ ዓመት፣ ነሐሴ 2010፣ እዚያው ቦታ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። እሳት ግን ልጣጭ አይስማማውም። የአትክልት ተረፈ ምርት ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ለማቃጠል መጀመሪያ ማድረቅን ይጠይቃል። አየር በሌለበት ተጭኖ ቢቀመጥ ደግሞ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ጊዜ ያህል የከፋ ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው።

በአንድ ጓሮ የሚቆም አንድ ሳጥን ቆሼን ያቃልላል ብዬ ላታልላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ከዚህ የቀለለ ነገር ይዤ ነው። ቁራሌው ከሚወስደው ዕቃ ጥቂቱን ቀንሳችሁ ሳጥን ሥሩ፤ ሳጥኑን ደግሞ ቁራሌው በማይወስደው ሙሉት። በወራት ውስጥ ለጎመናችሁ ብስባሽ የሚባለውን ጥቁር አፈር ታገኛላችሁ፤ ወደ ገንዳው የምትልኩት ጆንያም በግማሽ ይቀላል።

ሙያው አዲስ አይደለም። ገጠር ያደገ ሰው የጓሮው መሬት ከሩቁ ማሳ ለምን እንደሚጠቁር ያውቃል፤ አመዱ፣ እበቱና የቤት ጥራጊው እዚያ ስለሚደፋ ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የእንሰቱ አፈር ያ ሁሉ ትውልድ ሲያልፍበት ሳይደክም የኖረው በቤት ጥራጊና በፍግ ነው። እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በሕንድ ኢንዶር ከተማ ሆኖ የብስባሽ አሠራርን በሥርዓት ሲጽፍ መነሻው ገበሬው ሲያደርግ ያየው ነበር። በእኛም አገር የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽ ማዘጋጀት ጀመረ፤ ሥራውን የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ነበሩ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ የፋብሪካ ማዳበሪያ ካገኘው ጋር እኩል፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት ሲሰጥ ታየ።

ከዚያ ልምድ ለእኛ ጓሮ የሚጠቅመን አንድ ቁም ነገር አለ። ደረቅ አገር ብስባሹን በጉድጓድ ያዘጋጃል፤ ጉድጓዱ እርጥበት ይይዝለታል። ዝናባም አገር ከመሬት በላይ ይከምራል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በሦስት አራት ወር ውስጥ የሚወርድ ነው። እዚህ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ሐምሌ ላይ ኩሬ ያገኛል። ጉድጓድ ቆፍሩ የሚላችሁን መካሪ ከየት አገር እንደመጣ ጠይቁት።

እንግዲህ ወደ ሳጥኑ። ልጣጭ ለመበስበስ ሳጥን አያስፈልገውም፤ ሜዳ ላይም ይበሰብሳል። ሳጥን የምንሠራው ለሦስት ነገር ብለን ነው፦ ለክረምቱ ዝናብ፣ ለአይጥና ለጎረቤት። ይህን ከያዛችሁ ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ራሱ ይቀላል። ውኃ የሚመልስ ክዳን፣ አይጥ የማያሳልፍ ወለልና ግድግዳ፣ ሽታ የማያፍን የአየር ቀዳዳ ካለው፣ ሳጥኑ ከወርቅም ይሠራ ከቆርቆሮ ለውስጡ ሕይወት ለውጥ የለውም። ከውጭ የሚመጣውን የፕላስቲክ ብስባሽ ማዘጋጃ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው አይቼ አዝኛለሁ። በዚያ ገንዘብ ስንት የጎመን ችግኝ ይገዛ ነበር!

መጠኑ ግን ለውጥ አለው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ አንድ አንድ ሜትር ይሁን። ክምሩን የሚያሞቁት ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ነፍሳት ናቸው፤ ሲበሉ ሙቀት ያወጣሉ፣ ክምሩ ካነሰ ግን ሙቀቱ በየጎኑ ያመልጣል። በእኛ ከፍታ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህ ከቆላው ይልቅ እኛን ይመለከተናል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ከዘለለ በተቃራኒው መሀሉ አየር ያጥረዋል።

እኔ ከሁሉም የምመርጠው ፓሌት ነው፤ ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ። ዕቃ ከሚያራግፉ መጋዘኖች ደጃፍ፣ ከሴራሚክና ከማሽን አስመጪዎች አካባቢ ያረጀ ፓሌት አይጠፋም። ከመውሰዳችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተተኮሰውን ማኅተም ተመልከቱ። በላቲን ፊደል «ኤችቲ» የሚል ካለበት እንጨቱ ተባይ እንዳይኖረው በሙቀት የታከመ ነው፤ ውሰዱት። «ኤምቢ» የሚል ካለበት ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነውና ተዉት። ሦስት ፓሌት አቁማችሁ ማዕዘን ማዕዘናቸውን በሽቦ እሰሩ፤ ግድግዳው ቆመ። አራተኛውን በአግድም ለሁለት ቁረጡት። የላዩ ግማሽ ለመጨመር፣ የታቹ ግማሽ የበሰለውን ለመዛቅ ይከፈታል። ማጠፊያ አትግዙ፤ በረባሶ ሰፊ ቆርጦ ከጣለው ጎማ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ በሚስማር ብትመቱበት ከብረት ማጠፊያ ይልቅ ዕድሜ አለው፣ ዝገትም አያውቅም።

ፓሌት ካልተገኘ አጣናና አሮጌ የጣራ ቆርቆሮ አለ። አራት አጣና ትከሉ፤ እግራቸው በቀጥታ አፈር ውስጥ ከሚቀበር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ቶሎ አይበሰብስም። ቆርቆሮውን በጎን በጎን ምቱበት፤ በየስንዝሩ በሚስማር ብሱት፤ የተከፈተውን ስል ጫፍ በመዶሻ መልሳችሁ አስተኙት፣ የልጅ እጅ እንዳይቆርጥ። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘው በርሜልም ያገለግላል፤ ታቹን አስቆርጣችሁ፣ ጎኑን አስበስታችሁ፣ አፈር ላይ ታቆሙታላችሁ። ትንሽ በመሆኑ በደንብ አይሞቅም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያበስለው፤ ላልቸኮለ ሰው ምን ችግር አለው? የመኪና ጎማ ደራርቦ መሥራትን ግን አልወደውም። ውስጡ ውኃ ያቁራል፣ ውኃው ትንኝ ያፈላል፣ ክምሩንም ለማገላበጥ አያመችም። ጎማ ለበረባሶው ይቅር።

መልሶ መጠቀም ማለት ያገኙትን ሁሉ መጠቀም አይደለም፤ ከዚህ አፈር የሚበቅለውን የምንበላው እኛው ነን። ለሶሌታ ማፍሰሻ ያገለገለ ጣውላ ብዙ ጊዜ ቤቶኑ እንዳይጣበቅበት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባል፤ ካሸተታችሁ ታውቁታላችሁ። ችፑድ በሙጫ የተጣበቀ ነው። አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖረው ይችላል። በርሜል ስትገዙ ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ፤ ሻጩ ካመነታ ወይም ውስጡ የኬሚካል ሽታ ካለው ተዉት። አሮጌ ኤተርኒት በጭራሽ አትቁረጡ፤ አስቤስቶስ ካለበት ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ወለሉ ሲሚንቶ አይሁን። መሬቱን በዶማ ነካ ነካ አድርጉት፤ ትሉና ሌሎቹ ነፍሳት በዚያ ይገባሉ፣ ትርፉ ውኃ በዚያ ይወርዳል። አይጥም በዚያው መንገድ ቆፍሮ ይመጣልና ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መሬቱ ላይ ዘርግታችሁ ዳር ዳሩን ወደ ግድግዳው አንድ ስንዝር እጠፉት። የዶሮ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፤ ግልገል አይጥ ሳይጨነቅ ያልፍበታል። በፓሌቶቹ ክፍተትም ይኸው ወንፊት ከውስጥ ይመታ። ከወንፊቱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል የአጥርና የዛፍ ጭራሮ ይነጠፍ፤ አየሩ ከሥር የሚገባው በዚያ ነው። ክዳኑ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ያዘንብል፤ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይውጣ፤ ንፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ይጫንበት።

ሳጥኑ የት ይቁም? ከኩሽናው በር ብዙ ሳይርቅ። በግቢው ጥግ፣ ከሽንት ቤት ኋላ ወስደው የሚያቆሙት ሰዎች በሁለተኛው ወር ባዶ ሳጥን ነው የሚቀራቸው። እዚህ ላይ የማይነገር ነገር ልናገር። ሳጥኑን ብዙ ጊዜ የሚሠራው አባወራው ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እሱ ነው። ልጣጩን ከፌስታሉ፣ አጥንቱን ከልጣጩ በየቀኑ የምትለየው ግን ኩሽና ውስጥ ያለችው እናት ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። እሷ ያልተማከረችበት ሳጥን አይሠራም። የት እንደሚቆም እሷ ትወስን፤ ክዳን ያለው አሮጌ ባልዲም ከእጇ ሥር ይቀመጥላት።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ መሙላቱ። ክምሩ ሁለት ዓይነት ምግብ ይፈልጋል። አንደኛው እርጥቡ ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ ለምለም ሣር፣ የዶሮ ኩስ፣ እበት። ሁለተኛው ደረቁ ነው፦ የረገፈ ቅጠል፣ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ ሳጋቱራ፣ ከበዓል በኋላ የተጠረገ ቀጤማ። እርጥቡ ናይትሮጅን፣ ደረቁ ካርቦን ይሰጣል። ረቂቅ ነፍሳቱ የሚስማማቸው ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። ይህን በጓሮ የሚያሰላ የለም፤ በባልዲ ሲተረጎም አንድ ባልዲ እርጥብ ከገባ ከላዩ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ማልበስ ነው። ሳጋቱራ ካርቦኑ እጅግ የበዛ ስለሆነ በጭብጥ እንጂ በባልዲ አይጨመርም። የቡና አተላ በሌላ ወገን ራሱን ችሎ ለሚዛኑ የቀረበ ነው፤ የኢትዮጵያ ቤት በዚህ ታድሏል።

ደረቁን አስቀድሞ ማጠራቀም ነው ብልሃቱ። እርጥብ በየቀኑ አለ፤ ደረቅ ግን በፈለጋችሁት ሰዓት አይገኝም። በበጋ የግራቪሊያው ቅጠል ሲረግፍ ጆንያ ሙሉ ሰብስባችሁ ሳጥኑ አጠገብ አኑሩ። ባሕር ዛፍና ጽድ ቅጠላቸው ዘይትና ሙጫ ስላለው ይዘገያል፤ ጥቂት ይግባ፣ አይብዛ። አመድ እፍኝ ይበቃዋል።

የእኛ የጾም ሥርዓት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በጾም ወራት ከኩሽና የሚወጣው ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሌለበት ስለሆነ አይጥና ውሻ የሚጠራ ነገር የለውም። በፍስክ ግን ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት ያለበት ወጥ ወደ ሳጥኑ አይግባ። የውሻና የድመት ኩስም እንዲሁ። የሻገተ እንጀራ ቆራርሳችሁ መሀል ከቀበራችሁትና ካልበዛ ችግር የለውም። ከሥጋ ወገን አንድ ነገር ብቻ እፈቅዳለሁ፣ እንዲያውም እለምናለሁ፦ ፈርስ። የበዓል ቅርጫ ሲታረድ ከበሬው ሆድ የሚወጣው ያ አረንጓዴ ነገር በግማሽ የተፈጨ ሣር ነው፤ በረቂቅ ነፍሳት የተሞላ። እኛ ቦይ ውስጥ ደፍተነው ሰፈሩን ሳምንት እናገማዋለን። ክምሩን መሀሉን ከፍታችሁ ጨምሩበት፣ ደረቅ ቅጠል በደንብ አልብሱት፤ እንደ እርሾ ያነሳዋል።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምትለኩት። ከመሀል አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጭመቁት፤ እጅ ካራሰ፣ ግን ካልተንጠባጠበ ልክ ነው። ከተንጠባጠበ ደረቅ ጨምሩ። ካላራሰ ውኃ ይፈልጋል። በበጋ፣ ውኃው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጎመንና ድንች የታጠበበት ውኃ ለክምሩ ይበቃል፤ ሳሙና ያለበት ግን አይሁን።

በደንብ የተሞላ ክምር በቀናት ውስጥ መሞቅ ይጀምራል፤ መሀሉ እስከ 55 እና 65 ዲግሪ ይደርሳል። ያ ሙቀት ጥቂት ቀናት ሲቆይ የአረም ዘርና ብዙ የበሽታ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። አንድ የፌሮ ቁራጭ እስከ መሀሉ ሰክታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ ምዘዙት፤ ጫፉ በእጅ የማይያዝ ከሆነ ሥራው ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ አየር አልቆበታልና በመንሽ አገላብጡት፤ የዳሩን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ዳር። እንዲህ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ የተገላበጠ ክምር በእኛ አየር በሦስት አራት ወር ይደርሳል። ማገላበጥ የሰለቸው ሰው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይጠብቅ፤ ውጤቱ ያው አፈር ነው። አቅም ያለው ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ቢያቆም አንዱ ሲሞላ ሌላው እየበሰለ ይሄዳል።

ክምሩ ሲታመም ራሱ ይናገራል። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷል። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ውኃ ጠግቦ አየር አጥቷል፤ አገላብጡ፣ ካርቶን ቀዳዳችሁ አስገቡ። ጉንዳን ቤት ከሠራበት ደርቋል። ዝንብ ከወረረው ልጣጩን ሳታለብሱ ትታችሁታል። የጎረቤት አቤቱታ አብዛኛው ከዚህ የመጨረሻው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ያለ ደረቅ ሽፋን አንድም ልጣጭ ፊቱን አያሳይ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ጓሮ የለንም ትሉኝ ይሆናል። በረንዳ ላይ የሃምሳ ኪሎ ከረጢት ጎን ጎኑን በስታችሁ ከጡብ ላይ ብታቆሙት ለአንድ ቤት ልጣጭ ይበቃል፤ ሳይሞቅ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል። ከዚያ ይልቅ የሚሻለው በብሎኩ ጓሮ የጋራ ሳጥን ነው። ነዋሪዎቹ ለጥበቃና ለጽዳት ተስማምተው ገንዘብ የሚያዋጡ ከሆነ ለዚህም መስማማት አያቅታቸውም፤ ቁልፉን የሚይዝ አንድ ሰው ግን ከመጀመሪያው ይሰየም።

መድረሱን የምታውቁት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሲፈረፍር፣ ዝናብ የነካው መሬት ሲሸትና ቀድሞ ምን እንደነበር ሳይለይ ሲቀር ነው። ክምሩ ከግማሽ በላይ ያንሳል፤ አትደንግጡ። ጥርጣሬ ካላችሁ ፌጦ ይፍረድ። በአንድ ቆርቆሮ የተዘጋጀውን ብስባሽ፣ በሌላው የተለመደ አፈር አድርጋችሁ በሁለቱም ፌጦ ዝሩ። ፌጦ በቀናት ውስጥ ይበቅላል፤ በላቦራቶሪም ብስባሽ የሚፈተነው በዚሁ ዘር ነው። በብስባሹ ያለው ካልበቀለ ወይም ከቢጫ ካላለፈ ክምሩ ገና አልበሰለም፤ ለጥቂት ሳምንታት ይቆይ።

ለመደብ ከሆነ ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ከላይ አልብሳችሁ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉት። ለቆርቆሮና ለጀሪካን ተክል፣ ለጤና አዳሙና ለበሶብላው፣ አንድ እጅ ብስባሽ ከሦስት እጅ አፈር ጋር ይበቃል፤ ንጹህ ብስባሽ ብቻውን ተክሉን ያስጨንቀዋል። ለመጀመር ጥቅምትን እመክራለሁ። ዝናቡ አቁሟል፣ ሣሩ ታጭዷል፣ ቅጠሉም መርገፍ ይጀምራል። በጥቅምት የተሞላ ሳጥን የካቲት ላይ ይዛቃል፤ ለበልጉ ዝናብ ቆስጣና ጎመን ለሚዘራ ሰው ሰዓቱ ነው። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ክዳኑን አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ለክረምቱ የሚሆን ሁለት ሦስት ጆንያ ደረቅ ቅጠልም ከጣራ በታች አኑሩ፤ ሐምሌ ላይ በአዲስ አበባ ደረቅ ቅጠል በገንዘብም አይገኝም።

እኔ የያዝኩት ይህን ነው። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ስለ አይጥ የሚጠይቅ ሰው ካለ ቅድሚያ ይሰጠዋል።